የጨረባ ጉዳይ ኃላፊ

አባቴ የተሾመ ዕለት እናቴ ከደስታዋ ብዛት ምሳዋን መብላት አቃታት። ሳህኑን ገፋ አድርጋ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረችና በሹራቧ እጅጌ ዓይኗን ጠረገች። አባቴ ደግሞ ኩራቱን መደበቅ የፈለገ ይመስል አንገቱን ደፍቶ ዳቦ ይቆራርሳል እንጂ ወደ አፉ አያደርስም። እኔ ገና ስምንት ዓመት አልሞላኝም። ቤታችን የገባውን ታላቅ ነገር በቅጡ የተረዳሁት እኔ ብቻ ነኝ ብዬ ስላመንኩ የሁለቱንም ድርሻ በላሁላቸው።

«እስቲ ስሙን ድገምልኝ» አለች እናቴ ዓይኗን ከመስኮቱ ሳትነቅል።

«የጨረባ ጉዳይ ኃላፊ።»

«ጨረባ፣ ወፏ?»

«ወፏ። እዚያ መታጠፊያው ጋ፣ መንገድ ሲወጣ በተቆረጠው አፈር ላይ ጉድጓድ የምትሠራዋ። ጥቁሯ።»

«አውቃለሁ። ካንተ በፊት ነው የሰማሁት።»

እውነቷን ነበር። እናቴ የእንጨት ድርጅቱ ስልከኛ ናት። ተራራው ላይ ጫካ መሀል በተተከለው በዚያ ሰፈር፣ ከውጭ የሚገባም ሆነ ወደ ውጭ የሚወጣ ቃል ሁሉ በእሷ ጆሮ ያልፋል። ስልከኛ ደግሞ የሰማችውን እንዳልሰማች መሆን አለባት፤ እናቴ በዚህ የተመሰገነች ነበረች። ስለዚህ እኛ ቤት ወሬ የሚታወቀው ከእናቴ አፍ ሳይሆን ከእናቴ ቢላዋ ነው። ሽንኩርት ስትከትፍ ቢላዋው መክተፊያው ላይ ከጮኸ አንድ ነገር አለ ማለት ነው። በዚያ ሰሞን ክፉኛ ይጮህ ነበር።

ከሹመቱ በፊት አባቴ የቆረጣ ክፍል ኃላፊ ነበር። የትኛው ዛፍ እንደሚወድቅ፣ የትኛው እንደሚቆይ የሚወስነው እሱ ነው። ይህን ሥራ እኔ ብዙም አልወደውም። ዳገትና ቁልቁለት ሲል ውሎ ጭቃና ሙጫ ተለውሶ ይመጣል፤ ሲያቅፈኝ ፀጉሬ እጁ ላይ ይጣበቃል። አዲሱ ሹመት ግን ንጹሕ ነበር። በመጀመሪያው ቀን ሸሚዙን አስተኮሰ፣ ጫማውን ወለወለ፣ እስከዚያ ቀን በሠርጋቸው ፎቶግራፍ ላይ ብቻ የማውቀውን ክራቫት ከሻንጣ አወጣ።

«ለማን ነው የምታስረው? ለወፏ?» አለችው እናቴ።

«ኃላፊ አይደለሁ እንዴ?» አላትና አጥብቆ አሰረው።

ሹመቱ የመጣው አባቴ ስብሰባ ላይ ባደረገው ንግግር ምክንያት እንደሆነ አውቅ ነበር። የጎረቤት ሴቶች ቧንቧ ጋ ተሰብስበው «ይኼ ሁሉ የመጣው በአፉ ነው» ሲሉ ሰምቻለሁ። ንግግሩ ስለ ዳገቱ ነው። ዳገቱ ከሰፈራችን ጀርባ ቀጥ ብሎ የቆመ ነው፤ ጠዋት ጠዋት ጉም ይጎተትበታል፣ ዛፎቹም ረጅም የሽማግሌ ጺም የመሰለ የዛፍ ሽበት አንጠልጥለዋል። ሥራ አስኪያጁ «ምርጥ ምርጡ እንጨት እዚያ ነው፣ ይቆረጥ» ሲል አባቴ ተነስቶ «እዚያ ያለው አፈር የቆመው በዛፎቹ ሥር ነው። እነሱን ያነሳን ክረምት ተራራው መጥቶ አልጋችን ላይ ይተኛል፤ እኔ ይህን ዳገት አላስቆርጥም» አለ። ይህን ያለው በሠራተኛው ሁሉ ፊት ነው። እንደዚያ የተናገረ ሰው ቢሾም ምን ይገርማል?

እናቴ በጆሮዋ ያቆየችውን ያወጣችልኝ ብዙ ዓመት ቆይቶ፣ እሷ የስልከኛነት ሥራዋን ከለቀቀች በኋላ ነው። ከስብሰባው ማግስት ዋናው መሥሪያ ቤት ደውሎ ነበር።

«እንጨት ገዢዎቹ ለዱር እንስሳቱ የቆመ ሰው አላችሁ ወይ እያሉ ነው» አለ የዋናው መሥሪያ ቤት ሰው።

«አለን እንጂ» አለ ሥራ አስኪያጁ።

«ማነው?»

እዚህ ላይ፣ አለችኝ እናቴ፣ የሥራ አስኪያጁ ትንፋሽ ብቻ ይሰማ ነበር። ቀጥሎ ሳቁ መጣ። «አንድ ንግግር የሚወድ ሰው አለን። ከዛሬ ጀምሮ ንግግሩን ለወፍ ያደርጋል።»

ለምን ወፍ እንደተመረጠ የሚያስረዳውም እዚያው ስልክ ላይ ነው። ዝንጀሮ እንዳይሆን የሥራ አስኪያጁን ጓሮ ይዘርፋል። ነብር እንዳይሆን ጠባቂው ራሱ ጠባቂ ያስፈልገዋል። ጨረባ ግን አትናከስ፣ አትሰርቅ፣ አትጮኽ። በዚያ ላይ አንድ የወፍ ተመራማሪ በሰፈራችን ሲያልፍ፣ ይህቺ ጥቁር ጨረባ ቤት ጣራ ሥር ከምትገባዋ ዘመዷ የተለየች፣ ከተራራ ጫካ በታች የማትወርድ ናት ብሎ ነበር። ሥራ አስኪያጁ ያን ጊዜ እያዛጋ የሰማው ነገር አሁን ጠቀመው። እናቴ የሰማችውን እንዳልሰማች ሆና መስመሩን ዘጋች፤ ቤት መጥታ ሽንኩርት ከተፈች።

የአባቴ አዲስ ቢሮ ድሮ የበር ዘበኛ ይቀመጥበት የነበረ የቆርቆሮ ቤት ነው። መታጠፊያው ላይ፣ ከአፈር ግድግዳው ፊት ለፊት ቆሟል። ውስጡ አንድ ወንበርና አንድ አቅርቦ ማያ መነጽር አለ። የመነጽሩ አንደኛው ዓይን የታወረ ስለነበር፣ ለኃላፊዎች ብቻ የሚሠራ፣ አንድ ዓይን ጨፍኖ ለማየት የሚያመች ልዩ መሣሪያ አድርጌ ቆጠርኩት። በሩ ላይ የአባቴ ማዕረግ በትልልቅ ፊደል ተጻፈ፤ ከጽሑፉ ጎን ጨረባ ተሣለች። የተሣለችው ግን ጀርባዋ ሰማያዊ ጉሮሮዋ ቀይ የሆነችው የጣራ ሥሯ ነበረች። ሠዓሊው ጥቁሯን ሊሥል ሲል ሥራ አስኪያጁ «ይቺ ምን ፊት አላት? ቀለም ያላትን አድርግ» ብሎ አዘዘው።

ቤታችንም ተቀየረ። በረንዳ ያለው ቤት ለአባቴ የድሮ ረዳት ተሰጠ። ይህን ሰው ሜትር ከእጁ ስለማይለይ ጋሼ ሜትር እንለዋለን፤ አሁን የአባቴን ወንበር የያዘው እሱ ነው። እኛ ከመታጠፊያው አጠገብ ካሉት የረድፍ ቤቶች አንዱ ደረሰን። አንድ ክፍልና የግማሽ ክፍል ያህል ጓዳ አለው፤ ቧንቧው የጋራ ነው። እኔ እንደገባኝ፣ አባቴ ከቢሮው እንዳይርቅ ተብሎ ነው። እናቴ መጋረጃዎቿን ለአዲሱ መስኮት ስታሳጥር ቀኑን ሙሉ አንድ ቃል አልተናገረችም፤ መቀሱ ግን ብዙ ተናግሯል።

ከሁሉም በላይ ያስደነቀኝ ሰላምታው ነው። ግንድ የጫኑ መኪኖች በመታጠፊያው ሲያልፉ፣ ጥርሶ የምንለው ሾፌር፣ አፉን ገጥሞ የማያውቅ ሰው ነው፣ ሁለት እጁን ከመሪው ላይ አንስቶ በክርኖቹ እንደ ክንፍ ይመታል። ግንዱ ላይ የተቀመጡት ሠራተኞች ደግሞ ተነስተው ክንዳቸውን እያርገበገቡ «ክቡር ጨረባ፣ እንዴት ዋሉ?» ይላሉ። ለሥራ አስኪያጁ እንኳን እንዲህ የሚያደርግ የለም። እሱ ሲያልፍ ኮፍያ ማንሳት ብቻ ነው።

ባለማዕረግ ሰላምታ ሲሰጠው ቤተሰቡ ዝም ብሎ መቆም አይገባውም ብዬ፣ አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ መንገዱ ዳር ቆሜ ለጥርሶ መኪና ክንዴን አርገበገብኩ። ሠራተኞቹ ሳቁ። አባቴ ከቆርቆሮ ቤቱ በር ላይ ሆኖ አየኝ። ፊቱ ሳምባ መሰለ። ትንሽ ቆየና ሁለት ክንዱን ቀስ አድርጎ አነሳ፤ ክራቫቱን እንዳሰረ፣ እያየኝ፣ እሱም አርገበገበ። መኪናው ላይ የነበረው ሳቅ ከመሀሉ ተቆረጠ።

«ሰላምታ ለሰጠ ሰው ሰላምታ መመለስ ነው» አለኝ ወደ ቤት ስንሄድ።

እኔም ለክፍሌ ልጆች አስተማርኳቸው። በሳምንቱ ሰፈር ውስጥ ክንዱን ሳያርገበግብ «እንዴት ዋልሽ» የሚል ልጅ ጠፋ። እናቴ ከዓመታት በኋላ ይህን ስታነሳ «አንቺን ያን ጊዜ በጥፊ ላላስሽ ምንም አልቀረኝም ነበር» ብላኛለች።

አባቴ በመጀመሪያ ስለ ጨረባ የሚያውቀው ነገር አልነበረም። ዛፍ ሲያይ ስንት ጣውላ እንደሚወጣው የሚነግርህ ሰው፣ መጋዝ የማይገባበት ነገር ፊት ተቀምጦ እጁን የት እንደሚያደርግ ጨነቀው። መጀመሪያ ቀን ሁለት ቁራና አንድ የሌሊት ወፍ ጨረባ መስለውት ነበር። ግን ሌላ የሚያየው ነገር ስላልነበረው አየ። ትናንሽ ናቸው፤ ጥቀርሻ የመሰሉ፣ ጭራቸው መንታ፣ ድምፅ የሌላቸው። በመንገዱ ላይ ዝቅ ብለው ይንሳፈፉና፣ ከግድግዳው ሊላተሙ ነው ስትል ጣት በማታስገባ ቀዳዳ ይጠፋሉ። ምሽት ላይ እራት ስንበላ ሪፖርት ያቀርባል።

«ዛሬ አንዷ ላባ ይዛ ስትገባ አየኋት። ጎጆ እያነጠፈች ነው።»

«እሰይ። እሷስ ቤት አላት» ትላለች እናቴ።

አንድ እሑድ አባቴና እኔ ወደ ዳገቱ ወጣን። ጉሙ ውስጥ እየሄድን ሳለ ዛፎቹ ወገባቸው ላይ ቀይ ቀለም ተቀብተው አየሁ፤ አንዱ፣ ሌላው፣ ከዚያም ወዲያ ያለው። ጋሼ ሜትር በአዲሱ ወንበሩ መጀመሪያ የሠራው ሥራ የሚወድቁትን መቀባት ነበር። አባቴ ቆመ፤ አንዱን ግንድ በመዳፉ ደገፈው።

«ምንድነው አባዬ?»

ቀለሙ ያምር ነበር፤ የተማሪዎች አለቃ ክንዱ ላይ የሚያስረውን ጨርቅ መሰለኝ።

«እነሱም ተሹመው ነው?»

አባቴ ሳቀ። ከተሾመ ጀምሮ ሲስቅ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው፤ ሳቁ ግን ቶሎ አለቀ። «አዎ፣ ሚጡ» አለ። «ልክ እንደ እኔ ተሹመው ነው።»

ጫጩቶቹ ክንፍ አወጡና አንድ ቀን ከግድግዳው ወጡ። ወላጆቻቸውም ተከትለዋቸው ሄዱ፤ ቀዳዳዎቹ ባዶ ቀሩ። አባቴ በአንድ ዓይና መነጽሩ ባዶ አፈር ሲመለከት መዋል ጀመረ። የመኪናው ሰዎች ይህን የመሰለ ነገር አያልፋቸውም። ጋሼ ሜትር ራሱ ከመኪናው መስኮት አንገቱን አውጥቶ «ወፍ የለም!» ብሎት አለፈ። ሰፈሩ በዚህ ቀልድ ለሳምንት ተዳደረበት፤ ሱቅ ስኳር ሲያልቅ «እንደ አባትሽ ነው፣ ወፍ የለም» ይሉኛል። እኔ ግን የጨረባ ኃላፊ ያለ ጨረባ ምን ይሆናል እያልኩ ማታ ማታ አስብ ነበር።

ሥራ አስኪያጁ ራሱ እግሩን አንስቶ ቤታችን የመጣው በዚያን ጊዜ ነው። በቆርቆሮ የታሸገ ብስኩት ይዞልን መጣ። አጭርና ወፍራም ሰው ነው፤ ከእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር በፊት ጉሮሮውን ይጠርጋል። እናቴ ብቸኛዋን ደህና ወንበር ሰጠችውና ሻይ አቀረበች። እኔን ወደ ጓዳ ላኩኝ፤ በጓዳውና በክፍሉ መካከል ያለው ግን መጋረጃ ብቻ ነበር።

«እህም። ወንድሜ፣ በመካከላችን ያለውን ነገር እንተወው» አለ። «ሐሙስ እንግዶች ይመጣሉ። ከዋናው መሥሪያ ቤት አሉበት፣ ከገዢዎቹም አሉበት። ጨረባህን ሊያዩ ነው የሚመጡት።»

«አሁን ጎጆአቸው ውስጥ የሉም» አለ አባቴ።

«እሱን ነው የምልህ። እህም። የሉም። ሄደዋል። ዳገቱም ላይ የሉም፣ የትም የሉም፣ ላይመለሱ ሄደዋል ብለህ በአፍህ ትነግራቸዋለህ። የሚሰሙት ካንተ ነው፤ ኃላፊው አንተ ነህ። ወፏ ከሌለች ክፍሉ ይዘጋል፤ ዳገቱንም የሚጠብቅ ጉዳይ አይኖርም። አንተ በማግስቱ ወደ ወንበርህ ትመለሳለህ። ሚስትህም በረንዳዋ ላይ ትቀመጣለች።»

እኔ መጋረጃውን ይዤ ቀረሁ። በግልጽ ሰምቻለሁ፤ አባቴን ከሹመቱ ሊያወርዱት ነው። ወደዚያ ጭቃና ሙጫ ሊመልሱት ነው። ምክንያቱም ወዲያው ገባኝ። ለሥራ አስኪያጁ ክንዱን ያርገበገበለት ሰው የለም፤ ቅናት ነው።

ሰውዬው እንደወጣ እናቴ አባቴ ፊት ቆመች። «አንድ ቃል ናት» አለችው። «ሄደዋል በል። ወፍ ስለሆኑ ቢሰሙህም አይቀየሙህም።»

«ዳገቱስ?»

«ዳገቱን እግዜር ይያዘው። እኔ ይህን ቧንቧ ጋ የሚወራውን መሸከም አቃተኝ። ጆሮዬ በሥራ ሰዓት ይበቃዋል።» እናቴ ስትለምን ሰምቼ ስለማላውቅ ፈራሁ። አባቴ ወጥቶ ደጃፉ ደረጃ ላይ ተቀመጠ። ሄጄ አጠገቡ ተቀመጥኩ።

«አባዬ፣ ምን አጥፍተህ ነው?»

«ምን አጠፋሁ?»

«ሊያወርዱህ አይደል? ከጨረባ ኃላፊነት?»

ረጅም ጊዜ አየኝ። ያኔ የተናደደብኝ መስሎኝ ነበር። አሁን ሳስበው፣ ልጁ እሱን በየትኛው ዓይን ስታየው እንደከረመች ገና መረዳቱ ነበር። ሰፈሩ ሁሉ የሳቀበትን ወራት ሙሉ አንድ ሰው በክብር አጅቦት ነበር፤ ያ ሰው ደግሞ ጥርሱን እየነቀለ ያለ ሕፃን ነው።

«ብወርድ ታፍሪብኛለሽ?»

«በጣም» አልኩት። «ለልጆቹ ምን ልላቸው ነው?»

«እውነትሽን ነው» አለ አባቴ። «ለልጆቹ ምን ትያቸዋለሽ።»

ሐሙስ እንግዶቹ መጡ። ዝግጅቱ የጨረባ ተዝካር ነበር፤ ማን ቀድሞ እንደሚናገር፣ ምንጣፉ የት እንደሚነጠፍ የሚያውቅ አልነበረም። እኛ ተማሪዎች መታጠፊያው ላይ ተሰልፈን እንድንዘምር ታዘዝን። መኪኖቹ ሲደርሱ መዝሙሩን ረሳነው። እኔ በፍርሃት ክንዴን አርገበገብኩ፤ ወዲያው ሰልፉ በሙሉ አርገበገበ። ሥራ አስኪያጁ በላብ ተጠመቀ። ባርኔጣ ያደረገች አንዲት ትልቅ ሴት እንግዳ ግን ከመኪናው ወርዳ እያጨበጨበች መጣች።

«ልጆቹን እንዲህ አስተምራችኋል?» አለች። «በሄድንበት ሁሉ እንዲህ ያለ ነገር አላየንም።»

«እህም። የትምህርት መርሐ ግብራችን አካል ነው» አለ ሥራ አስኪያጁ።

ሴትዮዋ እጄን ያዘች፤ እስከ መጨረሻው አልለቀቀችኝም። አባቴ ክራቫቱን አስሮ ከአፈር ግድግዳው ፊት ቆሟል። ጋሼ ሜትር ከሥራ አስኪያጁ ኋላ ነው። እናቴ ከስልኩ ቤት ወጥታ ሴቶቹ መሀል ቆማለች፤ ሁለት እጇን አፏ ላይ አድርጋ አባቴን ብቻ ታያለች።

«እንግዲህ የጨረባው ጉዳይ ኃላፊ ያለውን ሁኔታ ይንገራችሁ» አለ ሥራ አስኪያጁ፣ ያለውን ሁኔታ የሚለውን ጠበቅ አድርጎ።

አባቴ ቀዳዳዎቹን አየ። ቀጥሎ እናቴን አየ። ከዚያ እኔን።

«ከጎጆአቸው ወጥተዋል» አለ። የእናቴ እጆች ከአፏ ላይ ወረዱ። «አልሄዱም ግን። አሁን የሚያድሩትም የሚውሉትም ዳገቱ ላይ ነው። ዳገቱ ከሌለ ወደዚህ ግድግዳ የምትመለስ አንዲት ጨረባ አትኖርም። እግራችሁ ከቻለ እንውጣና ላሳያችሁ።»

እናቴ ዞራ ወደ ስልኩ ቤት ገባች፤ በሩን ከኋላዋ ዘጋችው።

እንግዶቹ እግራቸው ቻለ። ሥራ አስኪያጁ በሚያብለጨልጭ ጫማው እየተንሸራተተ፣ በየዛፉ እየተደገፈ ተከተለን። መዳፉ ጋሼ ሜትር በዚያ ሰሞን በጨመረው፣ ገና ባልደረቀ ቀለም ቀላ። አንድ ያረጀ ዛፍ ወድቆ ሰማይ የተከፈተበት ቦታ ስንደርስ አባቴ እጁን ዘረጋ። ነበሩ። ጥቁር፣ ትንንሽ፣ ድምፅ የሌላቸው፤ ከቅጠሉ በላይ ዝቅ ብለው ይመላለሳሉ። ባለ ባርኔጣዋ ሴት አንዷን በዓይኗ ተከተለች።

«ሥዕሉ ላይ ጉሮሮአቸው ቀይ ነበር» አለች በመጨረሻ።

«ሥዕሉ የሥራ አስኪያጁ ነው» አለ አባቴ።

ሴትዮዋ ዓይኗን ከወፎቹ ላይ ስትመልስ ዛፎቹን አየች። «ይኸ ቀይ ቀለምስ?»

ሥራ አስኪያጁ ጋሼ ሜትርን አየ። ጋሼ ሜትር ሜትሩን አየ። ከቁጥቋጦው ወዲያ መጋዛቸውን ይዘው የእንግዶቹን መሄድ የሚጠባበቁት ቆራጮች ጎንበስ አሉ። ሴትዮዋ ወደ አባቴ ዞረች።

«ይህ የእኔ ክፍል አይደለም» አለ አባቴ። «የእኔ ጉዳይ ጨረባ ነው።»

ነገሩን የሚያውቅ ሰው ሲጠፋ ዝም ማለት ስላልቻልኩ «እኔ አውቃለሁ» አልኩ። «ተሹመው ነው። እንደ አባዬ።»

«የተሾሙ ዛፎች?» አለች ሴትዮዋ ጎንበስ ብላ።

«እህም» አለ ሥራ አስኪያጁ። እንዲህ ያለ ረጅም እህም ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አልሰማሁም። «ልጅቷ በልጅ አፏ ጥሩ አድርጋ ገለጸችው። የተመረጡ ዛፎች ናቸው። ለጨረባዋ። ቀይ ያለበት አይነካም ማለት ነው።»

«ይኸ ሁሉ? ዳገቱ በሙሉ?»

ሥራ አስኪያጁ ዙሪያውን ተመለከተ። ጋሼ ሜትር ታታሪ ሰው ነበር፤ አንድም ዛፍ አላለፈም። «በሙሉ» አለ፣ ድምፁ ወደ ውስጥ እየገባ።

እንግዶቹ አጨበጨቡ። ዛፎቹን ለማየት በየዓመቱ እንደሚመለሱ ቃል ገቡ፤ ክፋቱ ደግሞ ቃላቸውን ጠበቁ። ስለዚህ በየዓመቱ፣ ከመምጣታቸው በፊት፣ ጋሼ ሜትር ባልዲና ብሩሽ ይዞ ዳገቱን እየወጣ የደበዘዘውን ቀለም ያድሳል። ሥራ አስኪያጁ የዱር ወዳጅ ተብሎ ተሸለመ፤ ወደ ዋናው መሥሪያ ቤትም አደገ። የመሰናበቻ ንግግሩን «ጨረባዎቼ» ብሎ ጀመረ። ሰዎች እንደነገሩኝ እንባ ተናንቆት ነበር፤ እውነትም ይሆናል። የራሱን ውሸት ከእሱ በላይ የወደደ ሰው አላየሁም።

አባቴ ወንበሩን አላገኘም። በረንዳችንም አልተመለሰም። እኔ በዚያ የረድፍ ቤት አድጌ፣ ከዚያው ቤት ለትምህርት ወጣሁ። እሱ ክራቫቱ እስኪነትብ ድረስ በቆርቆሮ ቤቱ ቆየ፤ በየዓመቱ ጨረባዎቹ ወደ ቀዳዳቸው ሲመለሱ ልጅ የመጣለት ያህል ይሆናል። እናቴ ለእኔ ስልክ ላይ የሰማችውን ሁሉ ብትነግረኝም፣ ለእሱ ግን ስለዚያ ሐሙስ አንድም ቀን አንስታበት አታውቅም። ይቅር ብላው ይሁን አይሁን ከቢላዋዋ መለየት አልቻልኩም። ሹመቱ ቀልድ እንደነበረ ሳውቅ አፈርኩ፤ ያፈርኩት ግን እሱ የፈራውን ዓይነት እፍረት አይደለም። ከሰፈሩ ሁሉ አንድ ሰው ብቻ ቀልዱ ያልገባው፣ ያም ሰው እኔ መሆኔ፣ ዛሬም ደስ ይለኛል።

አባቴ ጡረታ የወጣ ዕለት ለዕረፍት መጥቼ ነበር። ድርጅቱ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ሰዓት ሰጠው። የሚተካው ሰው አልተመደበም። ሰዓቱን ብብቱ ሥር ይዞ ከቆርቆሮ ቤቱ ሲወጣ የጥርሶ መኪና መታጠፊያው ላይ ደረሰ። ጥርሶ አርጅቷል፤ ከስሙ በቀር ብዙ ጥርስ አልቀረለትም። መኪናውን አቆመ፣ ወረደ፣ ቆሞ ክንዶቹን አነሳና ቀስ ብሎ አርገበገበ። ግንዱ ላይ የነበሩት ወጣቶች ቀልዱ ከየት እንደመጣ አያውቁም፤ ለጨረባው ሰውዬ ሰላምታ የሚሰጠው እንዲህ እንደሆነ ከልጅነታቸው የሚያውቁት ስለሆነ እነሱም ተነስተው አርገበገቡ። የሳቀ የለም። አባቴ ሰዓቱን ለእኔ አቀበለኝና መለሰላቸው።

ወደ ቤት ስንጠጋ እናቴ ደጃፉ ላይ ቆማ ነበር፤ የዕቃ ማድረቂያ ጨርቅ ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋለች። ቧንቧው ጋ የተሰበሰቡት ሴቶች ያዩናል። እናቴ አየቻቸው፣ ከዚያ አባቴን አየችው። በሕይወቷ አንድም ቀን አድርጋው የማታውቀውን ነገር አደረገች፤ ሁለት ክንዶቿን ዘርግታ፣ በሴቶቹ ሁሉ ፊት፣ አርገበገበች።

አባቴ እግሩ ቀጥ አለ። መልስ የሰጣት ቆይቶ ነው፤ ግን ሰጣት።

«ግቡ እንግዲህ፣ ይቀዘቅዛል» አለች። ገባን፤ ምሳ ቀረበ። እናቴ ከሁላችንም ቀድማ በላች።